የሰቆጣ በቀቀንና የቤት በቀቀን

የሚናገር ወፍ የማይወድ ሰው ጥቂት ነው። ውድ አንባቢ፤ እርስዎም ምናልባት በሲኒማ ወይም በአንድ ባለጸጋ በረንዳ ላይ፣ በሽቦ ቤት ተቀምጦ ለእንግዳ ሰላምታ የሚሰጥ በቀቀን አይተው፣ «ምነው ለእኔም አንድ በኖረኝ!» ብለው ተመኝተው ይሆናል። በምኞቱ ነውር የለም። ከቢሮ ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ባዶ የኪራይ ክፍል ከሚቀበልዎ ስምዎን የሚጠራ ፍጥረት ቢቀበልዎ ማን ይጠላል? ዳሩ ግን በዓለም ላይ ወደ 400 የሚደርስ የበቀቀን ዓይነት አለ። ጠባያቸውም ዕድሜያቸውም እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፣ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ለማን እንደሚስማማ ማወቅ ይገባል።

ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ። በቀቀን የባሕር ማዶ ወፍ ብቻ አይደለም። የተማሪው አገር ሰቆጣ ቢሆን፣ ወይም ወጣቱ ጸሐፊ ተዛውሮ ወደ ዋግ ኽምራ ቢሄድ፣ በማለዳ ከራሱ በላይ እየጮኸች የምታልፈው ትንሽ አረንጓዴ ወፍ በአውሮፓ የወፍ ወዳጆች ዘንድ ስሟ የታወቀ በቀቀን ናት። ስለዚህ አስቀድመን የባሕር ማዶዎቹን እናስተዋውቅና ወደ እርሷ እንመለሳለን፤ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይም እርሷ ናት። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በቀቀንን ከሌላ ወፍ ለመለየት አያስቸግርም። ምንቃሩ እንደ መንጠቆ የጎበጠ ነው። ከእግሩ ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ የዞሩ ስለ ሆኑ ቅርንጫፉን እንደ ጉጠት ቆንጥጦ ይይዛል፤ ከዓይነቶቹም ብዙዎቹ ምግባቸውን በእግራቸው ጨብጠው ልክ እንደ ሰው ወደ አፋቸው ያነሣሉ። ንግግሩን በተመለከተ ግን ከንፈር የሌለው ፍጥረት እንዴት ቃል ያወጣል? ድምፁ የሚወለደው ከጉሮሮው ሥር፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ስፍራ ነው፤ ወፍራም ምላሱ ደግሞ ድምፁን ይቀርጸዋል። በቀቀን በዱር ሳለ የመንጋውን ጩኸት እየተማረ ያድጋል። ብቻውን በሰው ቤት ሲኖር መንጋው ሰው ይሆንበታል፤ ከመንጋውም ላለመለየት ሲል የሰውን ድምፅ ይማራል። እንግዲህ ተናጋሪ በቀቀን ሲያዩ ጓደኛ የሚፈልግ ወፍ እያዩ መሆንዎን ያስታውሱ።

በንግግር ከሁሉ የሚበልጠው የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካ ደን ተወላጅ የሆነው፣ ጅራቱ ቀይ የሆነው ግራጫው በቀቀን ነው። በ1977 አይሪን ፔፐርበርግ የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ሊቅ አንድ እንዲህ ያለ ወፍ ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ ገዝታ አሌክስ አለችው። አሌክስ በ2007 እስኪሞት ድረስ 30 ዓመት ያህል ተማረ። በሰሌዳ ላይ የተለያዩ ዕቃዎች ተደርድረው «አረንጓዴው ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ እስከ ስድስት ድረስ ቆጥሮ ይመልስ ነበር፤ የዕቃውን ቀለምና ቅርጽ፣ የተሠራበትንም ነገር ለይቶ ይናገር ነበር። ለፈተና ሲቀርብ ሸምድዶ የሚገባውን ተማሪ «እንደ በቀቀን ይደግማል» እያልን የምናማው በቀቀንን በድለን ሳይሆን አይቀርም።

ይሁንና ግራጫውን በቀቀን ለእርስዎ አልመርጥልዎትም። ምክንያቱ ዕድሜው ነው። በእንክብካቤ የተያዘ እንደ ሆነ ከ40 እስከ 60 ዓመት ይኖራል። በ25 ዓመትዎ ጫጩቱን ቢገዙት፣ በ60 ዓመትዎ የጡረታ ደብተር ሲቀበሉ እርሱ ገና ጎልማሳ ነው። ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲዘዋወሩ፣ ሲያገቡ፣ ልጅ ሲወልዱ፣ ያ ሁሉ ሲሆን በየቀኑ የሚያነጋግረው ሰው ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ብቻውን የተዘጋበት ግራጫ በቀቀን የደረቱን ላባ በገዛ ምንቃሩ እየነጨ ራቁቱን እስኪቀር ይደርሳል። ይህን ያየ ሰው ወፍ ማዘን አይችልም አይልም።

የገበያውም ነገር አሳዛኝ ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ግራጫ በቀቀኖች ከዱር ተይዘው ወደ ውጭ ተሽጠዋል፤ በመያዝና በመጓጓዝ ላይ የሞቱት በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። በጋና ከ1992 ወዲህ ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ጠፍቷል። ስለዚህ በ2016 በጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይተስ ጉባኤ ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀን ለንግድ ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ተከለከለ።

ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የግድ በቀቀን ካስፈለገ፣ የምመክረው የአውስትራሊያውን ባጀሪጋር ነው። ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ትንሽ ወፍ ነው። ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ የወፍ ሊቅ በ1840 ወደ እንግሊዝ ካመጣው ወዲህ ከሰው እጅ እየተራባ ስለ ኖረ፣ ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ከዱር የተነጠቀ አይደለም። ዳጉሳንና ይህን የመሰለ ጥቃቅን እህል ይበላል፤ ቅጠላ ቅጠልም ይጨመርለታል። ዕድሜው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ የቤት ኪራይ ውል የሚያፈርስ ጩኸትም የለውም። ትንሽነቱን አይተው ደግሞ አይናቁት፤ ፐክ የተባለ አንድ የካሊፎርኒያ ባጀሪጋር 1,728 ቃላት ያውቅ ነበር ተብሎ በጊነስ መዝገብ ተጽፎለታል። በራሱ ላይ ጉትዬ ያለው ኮካቲል የሚባለው ሌላው አውስትራሊያዊም ገር ነው፤ ከቃል ይልቅ ፉጨት ይቀናዋል፤ ነገር ግን 15 ወይም 20 ዓመት ሊኖር ስለሚችል አስበው ይግቡበት።

ስለ አያያዙ ረጅም መመሪያ አልጽፍም። ለእኛ አገር ቤት ብቻ የሚሆን ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለ። የወፍ ሳንባ ለጢስ እጅግ ስስ ነው። ስለዚህ ቡና በሚፈላበት ክፍል፣ ዕጣኑ እየጤሰ፣ ከሰሉ እየነደደ ወፉን አጠገቡ ማስቀመጥ ቀስ በቀስ መግደል ነው። አቮካዶ መርዙ ነው፤ ቡናም አይሰጠውም። በርበሬ ግን ምንም አያደርገው! ሰውን የሚያቃጥለው የበርበሬ ቅመም በወፍ አፍ ውስጥ አይሰማም፤ ሚጥሚጣ የሚያክል ቃሪያ ሰጥተው ቢያዩት እንደ ከረሜላ ይበላዋል። ከታመመ በቀቀን ኩስና ትቢያ ደግሞ ሳንባን የሚያጠቃ ብርቱ ትኩሳት ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ በ1929 እና በ1930 በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰው ያስደነገጠው ይህ በሽታ ነው። ዛሬ መድኀኒት አለው፤ ሆኖም የሽቦ ቤቱን አጽድተው እጅዎን ይታጠቡ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የሚኖሩት በቀቀኖች ብዙዎች አይደሉም፤ ያሉት ግን የሚያኰሩ ናቸው። በሰሜንና በምዕራብ ቆላዎች ጅራተ ረጅሙ፣ ወንዱ በአንገቱ ላይ ጥቁርና ጽጌረዳ መሳይ ቀለበት ያለው በቀቀን አለ። ይህ ወፍ በአውሮፓ ከሰው ቤት እያመለጠ በለንደንና በብራስልስ መናፈሻዎች በሺህ የሚቆጠር መንጋ ሆኗል፤ ያገኘበትን የሚኖር፣ ብልጥ ወፍ ነው። በአዋሽ በኩል ባለው የግራር አገር ወንዱ ሆደ ብርቱካን የሆነው በቀቀን አለ፤ ጎጆውን ብዙ ጊዜ በኩይሳ ውስጥ ያደርጋል። በደጋው ጥቅጥቅ ደን ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ፊተ ቢጫው በቀቀን ይኖራል። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1845 ለሳይንስ ዓለም አስታወቀው። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለማየት ቢፈልግ በእሑድ ቀን ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይሂድ፤ እርጥብ ደን የሚወድ ስለ ሆነ በደረቁ የዋግ ተራራ ላይ ግን አይፈልገው።

የዋግዋ በቀቀን ሌላ ናት። ቁመቷ ከ16 እስከ 17 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከድንቢጥ ትበልጣለች፤ ከርግብ ታንሳለች። ሴቷ ከራስ እስከ እግር አረንጓዴ ስትሆን፣ ወንዱ ግንባሩና የዐይኑ ዙሪያ እሳት መሳይ ቀይ ነው፤ ምንቃራቸው የሁለቱም ቀይ ነው። ክንፋቸውን ሲዘረጉ ከሥሩ ጥቁር ይታያል። ጥንድ ጥንዱ ተጠጋግቶ ተቀምጦ አንዱ የሌላውን ላባ ስለሚያበጥር ፈረንጆች የዚህን ወገን ወፎች «የፍቅር ወፍ» ይሏቸዋል። የፍቅር ወፎች ዘጠኝ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም የአፍሪካና የማዳጋስካር ልጆች ሲሆኑ፣ የእኛዋ በቁመት ትበልጣቸዋለች። አገሯ ከኤርትራ ደጋ ጀምሮ በኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ ነው፤ ከዚህ ውጭ በዱር የምትኖርበት ምድር የለም። በአዲስ አበባም ዛፍ በበዛበት ግቢ ትታያለች።

ስሟን ያገኘችበት ታሪክ ለሰቆጣ ሰው የሚጥም ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ወደ አገራችን ካደረገው ጉዞ ወፎች ሰብስቦ ተመለሰ። መጽሐፉ በ1814 ሲታተም ሎርድ ስታንሊ የተባለው የወፍ አፍቃሪ መኰንን በመጽሐፉ መጨረሻ ወፎቹን ገለጸ፤ ይህችንም ከምፅዋ ወደ ደጋ በሚወጣው መንገድ ባለው በታራንታ ተራራ ስም ሰየማት። ሰውየው ኋላ የደርቢ መስፍን ሆኖ በሊቨርፑል አጠገብ ባለው ርስቱ ላይ ከዓለም ዙሪያ የመጡ አራዊትና ወፎች ያኖር ነበር። በዚያው የሶልት መጽሐፍ ውስጥ የናትናኤል ፒርስ ታሪክ ይገኛል። ፒርስ በትግሬው ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የቀረ መርከበኛ ሲሆን፣ በ1807 በዋግና በላስታ ተዘዋውሮ የሰቆጣን ነገር ጽፏል። ስለዚህ ወፏና ከተማይቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኝተው ለአውሮፓ አንባቢ ቀረቡ ማለት ነው፤ አንዷ በመርከበኛው ትረካ፣ ሌላይቱ በመጨረሻው ዝርዝር።

ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች፣ የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ የአሞሌ ጨው ግመልና በቅሎ የሚያርፍባት ጥንታዊ ገበያ ነበረች። በዙሪያዋ ያለው ምድር ግን ደረቅና የተራቆተ ነው። ከተከዘ ሸለቆ የሚወጣው ሙቀት፣ ተደጋጋሚው ድርቅ፣ የማገዶ ፍላጎት፣ የወይራውን ቡቃያ የሚቀጥፈው የአበርገሌ ፍየል፣ ሁሉም ተባብረው ዛፉን አሳንሰውታል። ያረጀ ጽድ፣ ያረጀ ወይራ ወይም ትልቅ ሾላ የሚፈልግ ሰው ዐይኑን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያነሣል። የእኛይቱም በቀቀን እንዲሁ ታደርጋለች። የጽዱን ፍሬ ትበላለች፤ ሾላ ሲበስል ወደ ሾላው ትጎርፋለች። ከምግቡ ይልቅ ግን የምትፈልገው ጉድጓዱን ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህች ወፍ እንደ ሌሎች ወፎች በቅርንጫፍ ላይ ጎጆ አትሠራም፤ በዛፍ ግንድ ውስጥ ባለ ቀዳዳ፣ አልፎ አልፎም በግንብ ሽንቁር ውስጥ ትኖራለች። ምንቃሯ ብርቱ ቢሆንም እንጨት አትፈለፍልም። ወይ ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወውን ትወርሳለች፤ ወይ ቅርንጫፍ ተሰብሮ የበሰበሰበትን ስፍራ ታገኛለች። ሴቷ ቁርጥራጭ ሣርና ቅጠል በላባዋ መካከል ሰክታ አምጥታ ታነጥፍበታለች፤ እንቁላሏን ጥላ 25 ቀን ገደማ ትታቀፋለች። ቀዳዳው የመኝታ ቤትም ነው፤ እንቁላል በሌለበት ወራት ሁሉ ቤተሰቡ ከደጋው ብርድ ለመሸሽ ማታ ማታ እዚያው ይገባል። አዲስ የተተከለ ባሕር ዛፍ ቁመቱ ቢያስደንቅም እንዲህ ያለ ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ የሚገኘው ከአሮጌ ዛፍ ነው፤ ጽድ ደግሞ አሮጌ ለመሆን የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

አሁን አንድ ሰው የዚህችን ወፍ ጫጩት ለቤቱ ወይም ለገበያ ፈለገ እንበል። እጅ የማይገባበትን ቀዳዳ በመጥረቢያ ማስፋት ግድ ይሆንበታል። ጫጩቶቹ ይወጣሉ፤ ከመካከላቸው በሰው እጅ የሚያድግ ቢኖር ዕድለኛ ነው። ያ የተሰነጠቀ ግንድ ግን ከዚያ በኋላ ዝናብና ብርድ ያስገባል፤ አዳኝ ወፍም እግሩን ይሰድበታል። ስለዚህ የጠፋው የአንድ ዓመት ጫጩት ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ቤት ነው። በደን በተሸፈነ አገር ቢሆን ሌላ ቀዳዳ ይገኝ ይሆናል። በዋግ ግን በአንድ ደብር ግቢ ውስጥ ለወፍ ቤት የሚሆኑት ዛፎች በጣት የሚቆጠሩበት ጊዜ አለ።

ደግሞስ ምን ሊገኝባት? እንደ ግራጫው በቀቀን አትናገርም። በአውሮፓ የሚያራቧት ሰዎች ጠንካራና ብርድ የምትችል ናት ብለው ያመሰግኗታል፤ ነገር ግን በጠባብ ስፍራ ከሌላ ወፍ ጋር ቢያኖሯት እንደምትደባደብ፣ ለጥንዷ ብቻ ሰፊ ቤት እንደምትሻም ይናገራሉ። በኪራይ ክፍል መስኮት ላይ በተሰቀለ ሽቦ ውስጥ የምትሆን ወፍ አይደለችም። የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ባጀሪጋሩን በቤትዎ፣ የዋጓን በቀቀን በጽዱ ላይ ያኑሩ።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይስማማል። የአፍሪካን በቀቀን ይዞ ማሻገር የቆየ ሥራ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምእት ዓመት የግብፁ ንጉሥ ዳግማዊ በጥሊሞስ በእስክንድርያ ባደረገው ታላቅ ሰልፍ ላይ በቀቀኖች በቀፎ ሆነው ከ«ኢትዮጵያ» ወፎች ጋር ያልፉ እንደ ነበር የግሪክ ጸሐፊ መዝግቧል። (በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የሚባለው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው ምድር ሁሉ ነበር።) ዛሬ ግን ኢትዮጵያ በ1989 የሳይተስ ስምምነት አባል ሆናለች፤ ከአራት ዓይነት በቀር በቀቀኖች ሁሉ በዚህ ስምምነት መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ባጀሪጋርና ኮካቲል ከአራቱ ውስጥ ናቸው፤ የዋጓ ግን በመዝገቡ ውስጥ ናት። በአገር ውስጥም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። እንግዲህ አንድ ሰው አረንጓዴ ጫጩት በካርቶን ይዞ ቢመጣብዎ ርካሽነቱን አይተው አይቸኩሉ፤ ለመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ነገሩ የባሰ ያሳፍራል።

ወፏን በነፃ ለማየት የሚሹ ከሆነ ሰዓት ይምረጡ። በቀትር ጊዜ ከጽዱ ቅጠል ጋር ተመሳስላ ድምፅ ሳታሰማ ስለምትበላ፣ ከሥሯ ቆመው ፍሬው ሲንጠባጠብ እየሰሙ እንኳ ላያዩዋት ይችላሉ። ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ግን አምስት ወይም ስምንት ሆነው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ፈጥነው እየጮኹ ያልፋሉ። ከሁሉ የሚሻለው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ከአሮጌው ዛፍ ፈንጠር ብለው ይቀመጡ፤ ወፎቹ ከቀዳዳው አጠገብ ቆመው ግራና ቀኝ ያያሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ይገባሉ። ስንት እንደ ገቡ ቆጥሮ በማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ለተማሪ የሚሆን መልካም ሥራ ነው፤ የወሩን ቍጥር ከሚቀጥለው ወር ጋር ሲያስተያዩት የማንም መጽሐፍ የማይነግርዎን ነገር ያገኛሉ።

ከዚህ አልፎ መሥራት ለሚወድ የትምህርት ቤት ክበብ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ከወፍራም ጣውላ ወርዱ በየጎኑ 15፣ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሳጥን ይሠራ፤ ከላይኛው ጫፍ አጠገብ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይበሳ፤ ከሥሩም ውሃ የሚወርድባቸው ጥቃቅን ሽንቁሮች ይደረጉ። የደብሩን አለቃ አስፈቅዶ፣ ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ፣ ፀሐይ በማይበረታበት ጎን ይሰቀል። በሰው ዘንድ የሚኖሩት የፍቅር ወፎች እንዲህ ባለው ሳጥን ውስጥ ይራባሉ፤ የዱሮቹ ይቀበሉታል ብዬ ግን ዋስ አልሆንም። ምናልባትም ከወፏ ቀድሞ ንብ ይገባበት ይሆናል። ያን ጊዜ ክበቡ ሳጥኑን ለንቡ ትቶ ሌላ ቢሠራ ይሻላል፤ የሰቆጣ ነጭ ማር በገበያ ስንት እንደሚያወጣ የማያውቅ የዋግ ልጅ የለምና።